የክፍልሽ ጣሪያ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ብርድ ሲሆን የሚነሳብሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ታማርሪያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም እግራቸው መሬት ላይ ነው። ይህን ለሰላምታ ያህል ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከክፍልሽ በር ሥር ውሃ ሲወጣ አየሁ። ከፍቼ ብገባ ኮርኒሱ ጠቁሯል፣ ወለሉ ረጥቧል። ከሄድሽ ወዲህ ማንም የማይተኛበት ክፍል ነውና ባልዲ ደቅኜ በሩን ዘጋሁና ተውኩት። አባባ ግን አልተዉትም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ መዶሻቸውን ቀበቷቸው ውስጥ ሰክተው ሲወጡ ደረስኩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጣሪያ ሲሠሩ መኖራቸው እውነት ነው፤ አሁን ግን ብርጭቆ እንኳ በእጃቸው ይንቀጠቀጣል። እግራቸውን ይዤ አለቀስኩ። ባዶ ክፍል ነው፣ ያፍስስ ብላቸው፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ አሉኝ። በስንት ልመና ተስማማን፤ የሚያምኑት ሠራተኛ ካመጣሁላቸው አይወጡም፣ ካላመጣሁ ይወጣሉ።

የሚያምኑት ሰው ከየት ይመጣል? አንቺም ታውቂያቸዋለሽ።

መጀመሪያ የጠራሁት ኮንትራክተር ማስታወቂያው በየግድግዳው የተለጠፈ፣ መኪናው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። አባባ በር ላይ ተቀብለው፣ ውሃው የሚገባው ከአሸንዳው ነው አሉት። ሰውየው ቀና ብሎ አየና፣ ልክ ነዎት አባት፣ እኔም አሸንዳውን ነበር የጠረጠርኩት አለ። አመስግነው ሸኙት። ሁለተኛውን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ምላ ተገዝታ ነው ያመጣችልኝ። እሱ ደግሞ ስለ አሸንዳው ሲነገረው የእሳቸውን ዕውቀት ሲያደንቅ ቆየ፤ እሱንም ሸኙት። ለካ አሸንዳው ምንም አልሆነም። አባባ ሰዎቹን ሊፈትኑ ሆን ብለው ነው የዋሹት። ፊቴ ቆሞ አይደለም ማለት የፈራ ሰው፣ ጣሪያ ላይ ብቻውን ሲሆን ምን ያደርጋል አሉኝ። እኔ ልፈነዳ ደረስኩ፤ ሰው እያለቀብኝ፣ መሰላሉም እዚያው ቆሞ እያየኝ ነበር።

ሦስተኛው ሰፈሩ ሁሉ ነገረኛው የሚለው ነው። ከቤቱ ባለቤት ጋር ሳይጨቃጨቅ የጨረሰው ሥራ የለም ይባላል። ወድጄ ሳይሆን ቸግሮኝ ጠራሁት። አሸንዳው ሲባል ሳቀ። ወጥቶ ሲያንኳኳ ቆየና ወርዶ፣ አሸንዳውስ እኔንም እርስዎንም ይቀብረናል አለ። ጥፋቱ የቆርቆሮው አነጣጠፍ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበበት ጠርዝ ዝናቡ ወደሚመጣበት ጎን ስለዞረ፣ ነፋስ ባለ ቁጥር ውሃው ሰተት ብሎ ይገባል አለ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ይህን የመታው ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ በጣም ተናዶ ነበር ብሎ ጨመረበት።

እትዬ፣ አንቺ አታውቂም። ከባልሽ ጋር በሄድሽ ሰሞን የክፍልሽን ቆርቆሮ በሙሉ ነቅለው በአዲስ የመቱት አባባ ናቸው። ማንንም ሳያናግሩ፣ ብቻቸውን። ምናልባት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲያፈስ ኖሯል፤ በሩን የሚከፍት ስላልነበረ ማን ይወቀው። እኔ እንግዲህ ባልሽን ከበር እንደመለሱት ይህንንም ሊያባርሩት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባባ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ፣ የመታሁት እኔ ነኝ አሉት። ተናድጄ ነበር፤ ተሳስቻለሁ አሉ። ይህችን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም፣ አንቺም አልሰማሽም። ነገረኛውም፣ ሥራውን መቼ ልጀምር ብቻ አለ።

ሲሠራ እሳቸው ከታች፣ እሱ ከላይ ሆነው ሲከራከሩ ጎረቤቱ ጠብ መስሎት እየሮጠ መጣ። ሲጨርስ በጎማ ውሃ እንዲለቅበት አዘዙት፤ ራሳቸው በርጩማ ይዘው ክፍልሽ ገቡና ኮርኒሱን ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ያን ጊዜ ያደረጉትን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ መሰላላቸውን ለነገረኛው ሰጡት። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል አሉ። መሰላሉ ከግቢያችን ሲወጣ እያየሁ ተመስገን ብዬ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ክፍልሽ ደርቋል፣ ቀለምም ተቀብቷል። ያችን ጠባብ አልጋሽን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥተው አናጢ ጠሩና ሰፊ አልጋ አዘዙ። ለማን ነው ብላቸው፣ ክፍል ያለ አልጋ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ተቆጡኝ። ትናንት ደግሞ ከጋዜጣቸው ላይ ቀና ሳይሉ፣ ያ ሰውዬ ረጅም ነው አይደል አሉኝ። የትኛው ሰውዬ ብላቸው፣ ተዪው አሉ።

እንግዲህ ጉልበትሽን ከብርድ ጠብቂ። ቤትሽን ሰላም አይለየው፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። የባልሽን ቁመት ግን ቶሎ ጻፊልኝ፤ አናጢው እንጨቱን ሳይቆርጥ እየጠበቀ ነው።

ናፋቂሽ
ታናሽ እህትሽ