ሁለተኛው ግማሽ እሷ ጋ ነው

ጥቅምት 5

ያ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ዛሬም አላለቀም። ስፖንጁ አነሰ፣ ጨርቁ በዛ። አናጢው ደግሞ አንዱን እግር አሳጥሮት ሲንገዳገድ ዋለ። "ሰክሮ ነው" ይላል፣ ሶፋውን።

እቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድማኝ ገብታለች። ጠረጴዛው ላይ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ። የእህቷ ልጅ ናት የሰጠቻት። "አክስቴ፣ ካላነበብሽው አላናግርሽም" ብላ። ጀርባው ላይ ለወጣቶች የተጻፈ ነው ይላል። እኛ ምናችን ነው ወጣት? አልኳት። "ጉልበታችን ብቻ ነው ያረጀው" ብላ ሳቀች። ከሳቀች ቆየች... ወይስ እኔ ነኝ ያላየኋት?

ጥቅምት 8

እሷ ወጥ ስትሠራ ሰርቄ ጀመርኩት። ትንሽ አይቼ ልተወው ነበር። አልተውኩትም።

ታሪኩ የጥንት ነው። ትልቅ ወንዝ፣ ድልድይ የሌለው። አንዲት ኮረዳ አባቷ ሲታመምባት ጀልባውን እሷ ትቀዝፋለች። ከምታሻግራቸው ሰዎች መሀል የሞቱ አሉ። አብዛኞቹ መሞታቸውን አያውቁም፣ እሷ ግን ታውቃለች። ሲሳፈሩ ጀልባዋ አትነቃነቅማ! አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዳኛ መጡ። ረገጡ። ጀልባዋ ዝም። ማዶ ሲደርሱ "ይውረዱ ጌታዬ" ብትላቸው፣ "ማን እንደገደለኝ ሳላውቅ አልወርድም" አሉ።

ልቤ ተሰቀለ። ወጡ ያረረው በኔ ነው፤ እየው ብላኝ ሄዳ ነበር።

ጥቅምት 14

በመጽሐፉ ተጣላን። የምር። እሷ የምትሠራበት ፋርማሲ ይዛው ትሄዳለች፣ እኔ ቤት ባዶ እጄን እቀመጣለሁ። እሷ ፈጣን ናት፣ መሀሉን አልፋለች። እኔ ገና ስንፏቀቅ። "እንግዲህ ተራህን ጠብቅ" ትላለች። መጠበቅ አልቻልኩም።

ከሥራ የጨርቅ መቁረጫዬን ይዤ መጣሁ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት፣ መሀሉን በዓይኔ መጠንኩ፣ ገልጬ ጀርባው ላይ ከረከርኩት። የሶፋ ጨርቅ ስቆርጥ መቼ ለክቼ አውቃለሁ? "አብደሃል!" አለች። ከዛ ነው ያየነው። የኔ ግማሽ የሚያልቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ "ልጅቷ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ፊቱን ስታየው፣ ለካ ያ ሰው"

በቃ። ቀሪው እሷ ጋ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። "ማነው?" አልኳት። "ብትሞት አልነግርህም።" ንገሪኝ፣ አልነግርህም... እንደ ልጅ ተሯሯጥን። አልጋው ላይ ያለውን የታጠፈ ልብስ ሁሉ በተንነው።

ጥቅምት 22

ደስ የሚል ጊዜ ነው። ልጻፈው እንጂ። ከሥራ ስወጣ እግሬ ይፈጥናል። እራት ላይ ወሬያችን ዳኛው ብቻ ነው። ማን መረዛቸው? እኔ ሐኪማቸው ነው እላለሁ። ሳቁ ደስ አይለኝም፣ የዚያ ሰውዬ። አንዳንዴ ደግሞ ሚስታቸውን እጠረጥራለሁ። እሷ ሚስትየዋን አታስነካም።

ዳኛው ከሞቱ በኋላ ማታ ማታ ቤታቸው እየሄዱ ለሚስታቸው ያወራሉ። የሆድ የሆዳቸውን። እሷ አትሰማቸውም፣ ጥልፏን ትጠልፋለች። እዚያ ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንዲህ ቢያወራት ምን ነበረበት?" አለች።

ዳኛ ሥራ ይበዛበታል፣ አልኳት።

ኅዳር 2

ማታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ላወራህ የምፈልገው ነገር አለ።" ቆይ ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ፣ አልኳት። ጨርሼ ቀና ስል ሄዳ ተኝታለች። ነገ እጠይቃታለሁ።

ኅዳር 3

ረሳሁት።

ኅዳር 6

ሄደች።

ከሥራ ስገባ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። ሻንጣዋ ተዘግቷል። "እህቴ ጋ ልሄድ ነው።" እስከ መቼ? "አልመለስም" አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ክው አልኩ። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ስንት ነገር ይላል... ይለምናል፣ ይጮኻል፣ ምን አደረግኩሽ ይላል። እኔ ምን አልኩ? "መጽሐፉስ?" አልኩ።

መጽሐፉስ!

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ሻንጣውን አነሳች። ላግዝሽ እንኳ አላልኩም። ደረጃው ላይ የሻንጣው ጎማ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሁለተኛው ግማሽ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 9

ሥራ ገባሁ። ለመኪና ወንበር የተቆረጠውን ቆዳ ሶፋ ላይ በሚስማር መታሁት። አናጢው አየኝና ምንም ሳይቀልድ ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀለልኝ። እሱ የማይቀልድበት ቀን አይቼ አላውቅም።

እቤት መግባት ከበደኝ። የሷ ፎጣ የለም። ሳሙናዋ ግን አለ።

ኅዳር 12

ምን በደልኳት? አልመታኋት፣ አልሰደብኳት፣ ውጭ አላደርኩ። እህቷ ጋ ደወልኩ። "አንተ ክፉ ሰው አይደለህም" አለችኝ፣ "እሱን እሷም ትላለች።" ታዲያ? "እሷን ጠይቃት እንጂ እኔን ምን ታደርገኛለህ? ይኸው አሁንም እኔን!" ዘጋችው።

ኅዳር 17

የኔን ግማሽ ጨረስኩ። እያለቀሱ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል ለካ። ጀልባዋ በጎርፉ መሀል ስትሽከረከር ሁሉን ነገር ረሳሁ፣ ገጹን ስገልጥ ደግሞ ትዝ አለኝ፣ ደግሞ ረሳሁ... ሰው ቤቱ ፈርሶ በአንድ ጀልባ ይጨነቃል? እጨነቃለሁ። በጣም ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ምን ላድርግ።

"ለካ ያ ሰው"

ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ።

ኅዳር 18

አናጢው "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቆዝመው?" ሲለኝ የመጽሐፉን ነገርኩት። የሷን አይደለም፣ የመጽሐፉን። "ታዲያ ሌላ ግዛ! መደብሩ ሞልቶታል" አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ተደርድሯል፣ ሙሉው፣ ያልተቆረጠው። ሻጩ "ይቅረብልዎ?" አለኝ። አልኩት... አይ፣ ዝም ብዬ ነው።

ከገዛሁ፣ እሷን የምጠይቅበት ምን ይቀረኛል?

ኅዳር 25

የእህቷ ልጅ ደወለች። "ጋሼ፣ መጽሐፉን ቆረጥከው አሉ። መጽሐፍ ይቆረጣል እንዴ?" አዎ ልጄ፣ ተሳሳትኩ። "መጨረሻውን ልንገርህ?" እንዳትነግሪኝ! ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ከዛ ቀስ ብላ፣ "አክስቴ እኮ እሱን ይዛ ነው የምትተኛው" አለችኝ።

ምን ማለት ነው? ሦስቴ ሳህን አጠብኩ፣ አንዱኑ ሳህን።

ታኅሣሥ 4

ደወልኩላት። አነሳችው። "ግማሹን ብታመጪልኝ..." አልኩ። ሌላ ነገር ልል ነበር፣ አፌ ያንን አለ። "እሺ" አለች። ቅዳሜ፣ ሥራ ቦታዬ።

ታኅሣሥ 7

መጣች። አናጢው ገና ከበር ሲያያት ሙጫ ልግዛ ብሎ ወጣ። ሙጫ ሞልቶናል።

ያልተጠናቀቀ ሶፋ ላይ ተቀመጠች፣ ስፖንጁ ላይ። ከስታለች። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ መሀላችን አስቀመጠችው። "ማን እንደሆነ ልንገርህ?" አለች። ልትስቅ የፈለገች መሰለኝ።

አይ፣ አልኳት። ስለ መጽሐፉ አናውራ።

ቀና አለች። ከዛ... ምንም። ሁለታችንም። ስለ መጽሐፉ ካላወራን የምናወራው አጣን። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን! ስቴፕለሩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።

"አየህ?" አለች። "ይኼ ነው።"

ለምን ሳታስጨርሺኝ ሄድሽ? አልኳት። ቢያንስ እሱን እስክንጨርስ...

"እስክንጨርስማ ልቆይ ነበር። ከመጽሐፉ በፊት ነበር ልሄድ የቆረጥኩት፣ ታውቃለህ? ከክረምት በፊት። ከዛ ይኼ መጽሐፍ መጣ፣ አንተ ታወራ ጀመር። ትስቃለህ። እራት ላይ ትጠብቀኛለህ። እንደገና ወደድኩህ። ላወራህ ስመጣ ግን..." ስፖንጁን በጥፍሯ ቆነጠረች። "ቆይ አልከኝ። ያኔ ገባኝ። የምታወራው ከዳኛው ጋር ነው፣ ከኔ ጋር አይደለም። መጽሐፉ ሲያልቅ ወደዚያ ዝምታችን እንደምንመለስ ታየኝ። እሱን ደግሜ አልችልም።"

አንገቴን ደፋሁ። ተናገር፣ ተናገር እላለሁ ለራሴ። "እንዳይወጋሽ፣ ስፖንጁ ላይ ሚስማር አለ" አልኳት። ይኼ ነው የወጣኝ። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። "ደህና ሁን" አለች።

ሚስማር!

ታኅሣሥ 8

ሚስማር አለ አልኳት። ራሴን በመዶሻ ብመታ ደስ ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 20

ሁለተኛውን ግማሽ ጨረስኩ። በቀን ትንሽ ትንሽ፣ እየሰሰትኩ። ፋኖሱ ያበራው ፊት የልጅቷ አባት ነው። ጀልባ ሊቀዝፍ የማይችለው ታሞ አይደለም፣ ሞቶ ነው። ያቺ ምስኪን ሬሳ ስታስታምም ነው የከረመችው፣ ሳታውቅ። ከአልጋው ወርዶ አያውቅማ፣ እስከዚያች ማታ ጀልባ ረግጦ አያውቅማ! እንዴት አልገመትኩም? ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞርኩት። እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ዳኛውን የመረዛቸው ወንድማቸው ነው፣ በርስት። እሱ እንኳ ከአባትየው በኋላ ምንም አልመሰለኝ።

አንዳንድ ገጽ ላይ የሷ ጣት ያረፈበት ቦታ አለ፣ የእጅ ቅባት። አንዱ ገጽ ርሶ ደርቋል። ዳኛው ለሚስታቸው የሚያወሩበት የመጨረሻው ገጽ። እዚያው ላይ እኔም አለቀስኩ። ለዳኛው አይደለም። ናፈቀችኝ። በጣም ናፈቀችኝ።

ጥር 3

ቤት ተከራየች፣ ለብቻዋ፣ ፋርማሲው አጠገብ። እህቷ ናት የነገረችኝ። ዕቃሽን ውሰጂ ብዬ መልእክት ጻፍኩ። ከዛ አጠፋሁት። ከዛ እኔ አመጣልሻለሁ ብዬ ላክሁ።

ጥር 10

ፒክአፕ ተከራየሁ። ቁምሳጥኗን፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን፣ ትንሿን ወንበር ጫንኩ። ሾፌሩና እኔ ዕቃውን በደረጃው አወጣነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጥሩ ብርሃን አለው። ቁምሳጥኑን የት ላድርገው አልኳት፣ እዚህ አለች፣ አይ እዚያ አለች። አደረግኩላት። በሩ አልገጥም ብሎ ነበር፣ አጠበቅኩላት።

ሾፌሩ ወረደ። ብቻችንን ቀረን። ልሄድ በሩን ያዝኩ... ከዛ ለቀቅኩት።

ነገርኳት። ሁሉንም። ከየት እንደጀመርኩ አላውቅም። አባቴ ቤት ማንም እንደማያወራ፣ ዝም ማለት መውደድ ይመስለኝ እንደነበር። ልጅ ሳይሆንልን የቀረ ጊዜ፣ እሷ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ በሩ ላይ ቆሜ እንደነበር፣ ሳላንኳኳ። ያን ቀን ለሥራ ነው የዘገየሁት ያልኩት ውሸት እንደነበር፣ መንገድ ላይ ብቻዬን እያለቀስኩ እንደቆየሁ። እወድሻለሁ አልኳት። ላባብላት ብዬ አይደለም። ሳልናገረው ስንት ዓመት ስለተሸከምኩት ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። አንድ ቃል አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ዓይኗን ጠረገች። እጇን ዘረጋች፣ ጨበጥኳት። እጇ ሞቃት ነው።

"አመሰግናለሁ" አለች።

አመሰግናለሁ። ባንክ ቤት እንደሚባለው። ተራውን ለለቀቀላት ሰው እንደሚባለው። ብትሰድበኝ፣ ብታባርረኝ በተሻለኝ፤ ስትቆጣኝ ሚስቴ ነበረች።

ወረድኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነበር የሚጠብቀኝ። "ጨረሳችሁ?" አለኝ።

"ጨረስን" አልኩት።