ለከፍያለው ድምፅ የሚሆን መርፌ

ኅዳር 4

ከፋብሪካ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ሙሉ ቀን ጨርቅ ላይ የተበጠሰ ክር ስፈልግ ውዬ ዓይኔ ደክሟል። ቤት ስደርስ ዘመዳችን ሀሴት ከደሴ መጥታ ትጠብቀኛለች። የአያቷን ሳጥን ስታጸዳ ያገኘችውን በፎጣ ጠቅልላ አምጥታልኛለች። የዘፈን ሸክላ። ጥቁር፣ ከባድ... መሐሉ ላይ፣ "ከፍያለው፣ በመሰንቆ፣ 1945" ይላል።

የእማዬ አባት። በሦስት ዓመቷ፣ በዚሁ በ1945 ጥሏት ሄዶ በዚያው የቀረው። ዘፋኝ እንደነበር እንጂ ድምፁ ተቀርጾ እንደቀረ ማን ያውቃል?

ለእማዬ አሳየኋት። አልነካችውም። "የዓለም ዘፈን ቤቴ አይገባም።" ወደ ጓዳ እየገባች ደግሞ፣ "ጌታ ይቅር ብሎት ይሆናል። እኔን ግን አልጠየቀኝም።"

ድምፁን ሳትሰማ ብትሞትስ?

ኅዳር 5

ሞኝ ነኝ። አቧራውን ላንሳለት ብዬ ፋብሪካ ማሽን በምንወለውልበት አልኮል ጠርዙን ጠረግሁት። ጥጡ ጠቆረ። ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ... ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ጥጡ ተጣበቀ። ምን አደረግሁ?

ኅዳር 6

ደሴ። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ሸክላውን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ሱሌማን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ጠርዙን ዳሰሱት።

"አልኮል ነክቶታል?"

አዎ አልኩ። አፈርኩ።

"አብሽሪ፣ ዘፈኑ ጋ አልደረሰም። ይሄ እንዳሁኑ ፕላስቲክ አይደለም ልጄ። ሙጫ ነው፤ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ተባይ የምትሠራው። አልኮል ያሟሟዋል።"

ተባይ... የአያቴን ድምፅ ሰባ ዓመት ይዛ ያቆየችው?

ደጋን ከተማ ስላለው የሚሸጥ ግራሞፎን ነገርኳቸው። በእጅ የሚዘወር፣ ጥሩምባው የሚያብረቀርቅ። የራሳቸውን ሸክላ በዚያው ዓይነት አጫወቱልኝ። ሲያልቅ ከብረቱ መርፌ ጫፍ ግራጫ ዱቄት በጣታቸው አነሱ።

"ይሄ ድምፅ ነው። በተጫወተ ቁጥር ይበላል።"

ድምፅ ዱቄት ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 15

ገበያ ያየሁትን አዲሱን፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋውን የሸክላ ማጫወቻ ላልገዛ ነው። ቀይ ነበር፣ ያምራል፤ ሰባ ስምንት የሚል፣ የድሮ ሸክላ ፍጥነት ቁልፍም አለው። ጋሽ ሱሌማን በስልክ ሳቁብኝ። "መርፌው ቀጭን ነው። የድሮ ሸክላ መርፌ የሚሄድበት ቦዩ ሰፊ ነው። ታች ወርዶ አቧራ ሲጠርግ ነው የሚውለው።"

ታኅሣሥ 2

ማጫወቻ አገኘሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ፣ አፍንጫዬ ሥር፣ ከጡረተኛ መምህር ቤት። አያምርም። ግን መርፌውን የሚይዘው ክንድ ቀላል ነው፣ በሰባ ስምንት ይዞራል፣ ፍጥነቱ በትንሽ በትንሹ ይስተካከላል፣ መርፌውም ይቀየራል። ወፍራሙን መርፌ የሥራ ባልደረባዬ እህት ከዱባይ ታመጣልኛለች።

ታኅሣሥ 26

መርፌው መጣ። ጫፉን ለማየት የፋብሪካውን አጉሊ መነጽር ተዋስኩ። ይህችን ታህል ነገር የሰው ድምፅ ልታወጣ...

ጥር 3

እሑድ። ጋሽ ሱሌማን ከደሴ ወረዱ። እማዬ ቸርች ነበረች። በመጀመሪያ ጫጫታ ብቻ። ከዚያ መሰንቆ... ከዚያ ሰው። ጋሽ ሱሌማን ጆሯቸውን አቀረቡ።

"ፈጥኗል፣ ቀንሺ... ትንሽ... አሁን ተዪው። መሰንቆው ልኩን አገኘ። ሱብሃነላህ።"

ዘወር ስል እማዬ በር ላይ ቆማለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ ይዛ። አጠፋዋለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ በእጇ ከለከለችኝ። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም።

"ማነው?"

"ከፍያለው ነው እማዬ።"

"አይደለም። ይሄ ልጅ ነው።"

ጋሽ ሱሌማን አንገታቸውን ደፉ። "ፍጥነቱ ወላሂ ልክ ነው፣ ወይዘሮ አስናቀች። ድምፁ ይሄው ነው።"

"ጥሎኝ ሲሄድ ስንት ዓመቱ ነበር?"

ከተወለደበት ከ1923 ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት።

"እዮብስ?"

እዮብ የወንድሜ ልጅ ነው፣ እሷ ያሳደገችው። ሃያ ሦስት አልኳት። ትናንት እንኳ ካልሲውን አጥቦ አላሰጣም ብላ ስትቆጣው ነበር።

ወንበር ስባ ማጫወቻው አጠገብ ተቀመጠች።

"ልጅ ነው እኮ ሊዲ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ትልቅ ሰው ነበር የተቀየምኩት።"

አለቀሰች። እኔም። ጋሽ ሱሌማን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ድገሚው" አለችኝ። "ቀስ አድርገሽ አስቀምጪው፣ እንዳታሳምሚው።"