ከአንሶላዬ ጎን የተሰጣው ቆሻሻ

ቀን፦ ግንቦት 9

ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው ጣቢያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቆሻሻ የተሰጣበት የልብስ ማስጫ ግቢዬ እንዲለቀቅልኝ ስለ መጠየቅ

አመልካች ከጣቢያው አጥር ሥር ልብስ እያጠብሁ፣ አልጋ ላይ የዋለ ባለቤቴን የማስታምም ሴት ነኝ።

1. ጣቢያው ሲመረቅ፣ ቆሻሻችን መብራት ሊሆንልን ነው ብለው እልል ካሉት አንዷ ነበርሁ። እልልታዬን መልሱልኝ አልልም።

2. ምድጃችሁ አልነድ ማለቱን ያወቅነው ጭስ ማውጫው ጭስ ስለሌለው ነው። ሌላ አገር ካርቶንና ወረቀት ሲነድ አይታችሁ መጣችሁ፤ የእኛ ቆሻሻ ግን የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ ቢጨምቁት ውኃ ያወርዳል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ! ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም?

3. ከዚያ መሐንዲሳችሁ መጥተው ግቢዬን ዞር ዞር ብለው አዩና «እናቴ፣ እዚህ ፀሐዩ ጥሩ ነው፤ ለጥቂት ቀን ቆሻሻውን እናስጣበት» አሉኝ። ለልማት ነው ሲሉኝ እሺ አልሁ። ይኸው በጋው አለቀ። በግቢዬ እኩሌታ አንሶላ፣ በእኩሌታው የእናንተ ልጣጭ ተሰጥቷል፤ ዝንቡም ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ምድጃው እንደሆነ ዛሬም አልነደደም።

4. በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ይባላል። በእናንተ ቤት እርጥቡ እንቢ ስላለ የነደድሁት እኔ ነኝ። አንሶላ የማጥብለት የማዋለጃ ክሊኒክ አዋላጅ ያጠብሁትን ትናንት አሽትተው «አራስ በዚህ ላይ አላስተኛም» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ዳግመኛ ከሸተተ ሥራውን ለሌላ አጣቢ ይሰጣሉ፤ ያን ጊዜ የባለቤቴ መድኃኒትም ይቆማል።

5. ለሠራተኞችዎ ባመለክት «ክቡር ኃላፊው አያውቁም» ይሉኛል። ባለማወቅዎ አልጠራጠርም።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ልጣጩ ተጠርጎ ግቢዬ እንዲለቀቅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መብራቱን ትቼላችኋለሁ፤ ፀሐዬን መልሱልኝ።

በሾፌርዎ እጅ የሚልኩልኝን ነጫጭ ሸሚዞች በተመለከተ፦ እስካሁን ለክብርዎ ስል ከባለቤቴ አልጋ በላይ ገመድ ወጥሬ ቤት ውስጥ ነበር የማደርቃቸው። ከነገ ጀምሮ ያ ገመድ የአራሶቹ አንሶላ ነው። የእርስዎ ሸሚዝ ግቢ ውስጥ፣ ከልጣጩ ጎን ይሰጣል።

በጤና ይልበሱት ከሚል ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አጣቢዋ፣ በሠፈር ስሜ «በረኪና»