ያቋረጥኩት ፊዚክስ

ሰኞ

ልጄ ፊት ተሳሳትኩ። ሩት የአስራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ መልመጃዋን ይዛ መጥታ፣ «እማ፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረሽ የለ?» አለችኝ። ተምሬያለሁ፣ ሁለት ዓመት። እናቴ ስትታመም አቋርጬ አዳማ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ የዕቃ ሰነድ መሙላት ነው።

ጥያቄው፦ ፕሮቶንና አልፋ ቅንጣት ከቆሙበት ተነስተው በእኩል ቮልቴጅ ቢገፉ፣ የትኛው የበለጠ ኢነርጂ ያገኛል? የትኛውስ ይፈጥናል?

የአልፋው ቻርጅ እጥፍ ስለሆነ ኢነርጂውም እጥፍ ነው አልኩ። ልክ ነበርኩ። እንግዲያው አልፋው ይፈጥናል አልኩ። ሩት «ክብደቱስ?» አለች።

ማክሰኞ

ሚኒባስ ውስጥ በአሮጌ ሰነድ ጀርባ ሠራሁት። አልፋው አራት እጥፍ ይከብዳል። ኢነርጂው ቢበልጥም ፍጥነቱ ያንሳል፤ ፕሮቶኑ ይቀድማል። ደስ ብሎኝ ሞጆን አልፌ ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

ቀኑን ሙሉ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ዓይኔ ላይ ነበር። ቮልቴጁን ስንጨምር የኤሌክትሮኑ ጨረር አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይታጠፍ ነበር። ተራዬ አልቆ እንኳ እጄን ከማዞሪያው ላይ ማንሳት አልፈልግም ነበር። እንዴት ናፈቀኝ!

ረቡዕ

ከሥራ አስፈቅጄ የሩትን የፊዚክስ መምህር አገኘሁት። ገመቹ ይባላል፣ ገና ወጣት ነው። ስለ ሩት ልጠይቅ ሄጄ ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ስናወራ አንድ ሰዓት ሞላ።

«እርስዎ ይህን ያህል ከወደዱት ለምን አይጨርሱትም?» አለኝ።

እዚሁ አዳማ የቅዳሜና እሁድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዳለ፣ የድሮ ውጤቴን ብቻ ማምጣት እንዳለብኝ ነገረኝ። ባጃጅ ውስጥ ዕንባዬ መጣ።

ሐሙስ

ለባለቤቴ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ዘንድሮ የሩት ዓመት ነው፣ ያንቺ አይደለም» አለና ወጣ። የኔ ዓመት መቼ ነበር?

ሩት ሰምታ ኖሮ፣ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ሄደች።

ዓርብ

በምሳ ሰዓት፣ ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች በሚቆሙበት አጥር ጥግ ሆኜ ወደ ድሮ ዩኒቨርሲቲዬ ደወልኩ። የሬጅስትራሯ ሴት ስሜን ሁለቴ አስደገመችኝ። ጠበቅኩ። ፋይሌ ጠፍቷል ብትለኝ የሚቀለኝ መሰለኝ።

«አለ፤ መጥተው ይውሰዱ» አለችኝ።

የኤሌክትሪክ ኮርሱን ውጤት እንድታይልኝ ለመንኳት። ቢ ነው አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ኤ እንዳገኘሁ ነበር የማስበው።

ቢሆንም ሰኞ እሄዳለሁ። መሄዴን ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም።