ሐዲጃ የጀመረቻቸው አራት ብርድ ልብሶች

ጎንደር፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት ለሐዲጃ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺ፣ ልጃችን ሪሃናና እስካሁን ያላቀፍኳት የልጅ ልጄ ደህና ናችሁ ወይ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ አልታመምኩም፣ የምበላውም አላጣሁም ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን አትጠይቂኝ።

ደብዳቤ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ስደውል ሪሃና ታነሳና «እማዬ እየሰገደች ነው» ትለኛለች። ሰባት ወር ሙሉ እኔ በደወልኩ ቁጥር አንቺ ትሰግጃለሽ። እንዲህ ከሆነማ ጀነት ስትገቢ እኔን ደጅ ላይ ጥለሽኝ ልታልፊ ነው። ለዚህ ነው ነጋዴው ሷሊሕ ወደ ደሴ ሲወርድ «ከእጇ አድርስልኝ» ብዬ ደብዳቤውን የሰጠሁት። ነይ ልልሽም አይደለም። ሪሃናን ልታርሺ ለአርባ ቀን ብለሽ ሄድሽ፤ አሁን አምስተኛው አርባ አልፏል። መስጊድ ደጃፍ ላይ «ሐዲጃ መቼ ነው የምትመጣ?» ሲሉኝ «መንገዱ ሲሻል» እላለሁ። ሷሊሕ በየወሩ ሲመላለስበት እያዩ ዝም ይሉኛል። ዝምታቸው ነው የሚያናድደኝ።

የጻፍኩበት ጉዳይ ሌላ ነው። በጳጉሜ ዝናብ ጣሪያው አፈሰሰና ከአልጋው ሥር ያለው ሳጥንሽ ረጠበ። ላደርቀው ሳወጣ አራቱ ብርድ ልብሶችሽ አሉ፤ ከሱቄ ወለል ቁርጥራጭ እየለቀምሽ የገጣጠምሻቸው። አንዱ ሩቡ ላይ ቆሟል፣ ሁለቱ ግማሽ ላይ፣ አንዱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሐዲጃ መጀመር እንጂ መጨረስ አልተፈጠረላትም» እያልኩ ያፌዝኩባቸው ናቸው። ያን ቀን በልቤ «አራቱንም በሳምንት ጨርሼ እልክላታለሁ፤ ያኔ ስልኩን ታነሳ የለ!» አልኩ። የሱፍ ኮት በሁለት ቀን የማወጣ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ መቀጠል ያቅተዋል?

አቃተኝ። ወላሂ አቃተኝ! ያንቺ ነገር አንዱ ቁራጭ ሱፍ፣ አንዱ ቴትረን፣ አንዱ አቡጀዲ ነው። የስፌት ማኪናው አንዱን ሲጎትት ሌላውን ይገፋል። ሦስት መርፌ ሰበርኩ። የመጀመሪያው ተኮማትሮ እንደ ደረቀ ቆዳ ቀረ። የሁለተኛው ጠርዝ መጣመሙ ቢያናድደኝ በሜትር ለክቼ በመቀስ አስተካከልኩት፤ ጠርዙ ቀጥ አለ፣ ለሁለት ሰው የተጀመረው ግን የአንድ ሰው እግር የማይሸፍን ሆነ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ የቆረጥኩትን ስለቅም ጎረቤታችን ባንቺአየሁ ወንፊት ልትመልስ ገባች።

«ምነው አያ ጃቢር! በእጅ የተጀመረውን በማኪና ደፈጠጥከው?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ፣ ጠማማ ነው» አልኳት።

«ጠማማ አይደለም። ሐዲጃ ሱፉን ለቀቅ፣ አቡጀዲውን ሰብሰብ እያደረገች ነበር የምትሰፋው። ሲታጠብ የትኛው እንደሚሳብ ታውቃለቻ። ሸጋ እጅ ነበራት።»

«እንዲህ የምታውቅ ከሆነ ምነው አንዱን እንኳ ሳትጨርሰው ቀረች?»

«እሱንማ አንተ ነህ የምታውቀው» አለችና ወንፊቱን አስቀምጣ ወጣች።

ንዴቴ አሳበጠኝ። ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ይባላል? የሰፋሁትን ሁሉ መተርተር ጀመርኩ። ሐዲጃ፣ ሰው ስፌት ሲተረትር ጨርቁን አንድ በአንድ ያያል። እኔ ደግሞ ፊት እረሳለሁ እንጂ የቆረጥኩትን ጨርቅ አልረሳም።

የመጀመሪያው የቆመው ካኪ ላይ ነው። ካኪው ለመካነ ብርሃን ትምህርት ቤት የሰፋነው የደንብ ልብስ ነው፣ ሁለት መቶ አርባ ሱሪ። «ያንን ተይውና እግሩን ቀምቅሚልኝ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ቀመቀምሽ። ሁለት መቶ አርባውንም። ከዚያ በኋላ ወደ ብርድ ልብሱ አልተመለስሽም፤ ሌላ ሥራ አመጣሁልሻ።

የሁለተኛው መጨረሻ ላይ የዘይት ጠብታ አለ። እናቴን በጥቁር አዝሙድ ዘይት የምታሺበት ዘመን ነው። አራት ዓመት አልጋ ላይ ስትተኛ አገላብጠሽ ያጠብሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ ሱቅ ነበርኩ። ሦስተኛውን ሳነሳ ለካ ቁራጮቹን በልክ በልክ ቆርጠሽ በፌስታል አዘጋጅተሽ ነበር። በኮሮና ጊዜ ፌስታሉን አንስቼ ከቁራጮቹ የአፍ መሸፈኛ ሰፋሁና ሸጥኩ። አልጠየቅኩሽም። ባዶውን ፌስታል አጥፈሽ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሽው። ይኸው እጄ ላይ ነው።

ሁሌ መርፌሽን ያስጣልኩሽ እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ የማትጨርስ ናት ብዬ በሰው ፊት የሳቅኩብሽም እኔ። ተናድጃለሁ ስልሽ አሁን ባንቺ አይደለም።

አራተኛውን አወጣሁ። አማቾቻችን ከደሴ የመጡ ጊዜ «ለልጅ ልጃችን እያደረስኩ ነው» ብለሽ ስታሳዪያቸው እኔ ምን አልኩ? «ይቺን ድሪቶ አንሺያት! የልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ በውዳቂ ጨርቅ ይጠቀለላል?» አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አንቺ አጥፈሽ ይዘሽ ገባሽ፣ በማግስቱም ጓዝሽን ሸከፍሽ። ያኔ የመሰለኝ ለአራሷ የቸኮልሽ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉን መልሼ መዋጥ ብችል ከነአጥንቱ በዋጥኩት። አጥፍቻለሁ ሐዲጃ። ይህን ለመጻፍ ከመስከረም ጀምሮ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ባንቺአየሁን ጠይቂያት።

ሦስቱን፣ በመቀስ የቆረጥኩትንም መልሼ ገጥሜ፣ በእጄ ጨርሻቸዋለሁ። ሱፉን ለቀቅ፣ አቡጀዲውን ሰብሰብ። ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ጣቴ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ዐይኔን ታውቂዋለሽ፤ የማኪናውን መርፌ በዳበሳ እወጣዋለሁ እንጂ የእጁን ቀዳዳ አላየውም። ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብተሽ ጠረጴዛዬ ላይ ትተሽልኝ ትሄጂ ነበር፤ ሥራ ነው ብዬ እንኳ ቆጥሬው አላውቅም። አሁን ባንቺአየሁ ናት የምታስገባልኝ፤ ታዲያ በእያንዳንዱ መርፌ አንድ ተግሣጽ ትጨምርበታለች። ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ በመስኮቱ በኩል ያለውን ግማሽ ላንቺ ለቅቄዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ምንጣፍ ላይ ተንበርክከሽ ስትሰፊ ጉልበትሽን እንዴት እንዳላሰብኩት እንጃ።

ሦስቱን ሷሊሕ ያደርስልሻል። ስፌቱን ገልብጠሽ አትዪው፤ ከጀርባው ያሳፍራል።

አራተኛውን አልላክሁትም። መርፌሽን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ አገኘሁት፤ ያን ቀን ያስገባሽው ክር አብሮት አለ፣ ረጅም። በዚያው በክርሽ ቀጠልኩ። እንዳያልቅብኝ ስፌቱን እያራራቅኩ፣ ቋጠሮውን እያሳነስኩ ሰፋሁ። ስድስት ቁራጭ ሲቀር ክሩ አለቀ።

ባንቺአየሁ «አምጣ፣ ላስገባልህ» ብላ እጇን ዘረጋች። አሻፈረኝ አልኳት። መርፌውን ባዶውን ቦታው ላይ መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ብርድ ልብሱም ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በመስኮቱ በኩል።

አላህ ጤናሽን አይንሳሽ፣ የሪሃናን ጎጆ ያሙቅላት፣ የልጅ ልጃችንንም ባንቺ እጅ ያሳድጋት። ስትሰግጂ ለኔም ዱዓ አድርጊ።

ጃቢር