ከመሬት ሁለት ክንድ

አስኩዬ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። ያንቺን አልጠይቅም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ማርታም ደህና ናት። ከቀብርሽ ከተመለስን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን።

ኩሽናው አልቋል። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠየቅሽኝ እሱን ነው። አልቋል ማለቴ ግን ሆነ ማለቴ አይደለም።

አሥራ አንድ ዓመት «ክረምቱ ይውጣ» አልኩሽ። ክረምቱ ሲወጣ «ፋሲካ ይለፍ» አልኩሽ። አንቺ አትከራከሪም ነበር። ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ትገቢና ዓይንሽን በነጠላሽ ጫፍ እየጠረግሽ ትወጫለሽ። ከታመምሽ በኋላ ሐኪሙ በምን እንደምታበስዪ ሲጠይቅሽ «በእንጨትም በከሰልም፤ መብራት ሲኖርም በመብራት» አልሽው። እኔ ወለሉን አየሁ። ሐኪሙ ጥፋቱ የጭሱ ነው አላለም። አይደለምም አላለም።

ደብተሩን ያገኘሁት ከአርባሽ በኋላ ነው። ከተማሪዎቼ የተረፈ ደብተር፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከአረንጓዴው ሹራብሽ ስር። መካከለኛው ገጽ ላይ የምትፈልጊውን ኩሽና ሥለሽዋል። ሥዕል አትችይም፤ ላቫንዲኖው ጀልባ ይመስላል። ጽሑፍሽ ግን ይነበባል። ባንኮኒ፣ ከመሬት ሁለት ክንድ፣ ርዝመቱ ስድስት ክንድ። መስኮት፣ ከመሬት ሦስት ክንድ፣ የግቢው በር እንዲታይ። መደርደሪያ፣ አራት ክንድ። «የግቢው በር እንዲታይ» የሚለውን ሁለቴ አስምረሽበታል።

ለሙት ዓመትሽ እንዲደርስ ወሰንኩ። የእድርሽ ሴቶች ገብተው እንዲሠሩበት፣ «አስካለ ያለችው ሆነላት» እንዲሉ። ሌላ ላደርግልሽ የምችለው ነገር አልታየኝም።

ግንበኛው ሙስጠፋ ይባላል። ከወልቂጤ አካባቢ የመጣ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ብዙ ቤት የሠራ ሰው ነው። ዛሬ ከሠራቸው አንዱም የለም። «ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ ጋሼ፤ የእኔ ግድግዳ ግን አልወድቅም ብሎ ማሽኑን አስለፋው» ይላል። ይኮራበታል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ቤታችን የሚገባው አንገቱን ደፍቶ ነው። ደብተርሽን ሳሳየው ሳቀ። «አገሬ ገባሁ! አባቴም ቤት ሲሠራ በክንድ ነበር» አለ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ግድግዳው ላይ አጋደመ፤ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ። እኔ ሜትሩን ያዝኩለት። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ።

«ይጻፉት ጋሼ» አለኝ። ጻፍኩት። ባንኮኒው አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ መስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ መደርደሪያው ሁለት ሜትር። ሁሉም ያለ ሽርፍራፊ ወጣ። ደስ አለን። ቁጥር ሲያምር ስሌቱም ትክክል ነው ብሎ የሚያምን የሒሳብ አስተማሪ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። ላቫንዲኖ ልገዛ ፒያሳ ወረድኩ። ለማድ ቤቱ ቧንቧ የገዛንበትን ሱቅ ታስታውሺዋለሽ፤ ባለቤቱ ሒሳብ ሲቀበል የሚያንጎራጉረውን። ሱቁም የለም፤ ሱቁ የነበረበት መስመርም የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ አበባ ተተክሎበታል። ሰዎች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ መሀላቸው ቆሜ የሱቁ ደጃፍ የት ጋ እንደነበር ስፈልግ አንዲት ልጅ «አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለችኝ። ፈቀቅ አልኩላት። ላቫንዲኖውን መርካቶ ሄጄ ገዛሁ።

ባንኮኒው ሲመጣ ለኩሽና የለየነው የቤቱ ክፍል ጠበበው። ክፍሉ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ባንኮኒው ሦስት። ሙስጠፋ «እናሳጥረው?» አለኝ። አይሆንም አልኩ። ስድስት ክንድ ካልሽ ስድስት ክንድ ነው። ግድግዳውን ወደ መኝታ ቤታችን ገፋነው። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ሲፈርስ ጭዱ እንዳለ ወጣ፤ ወርቃማ ነበር፣ ትናንት የተቦካ ይመስላል። አሁን ከአልጋው በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚወረደው። አንድ ሰው ስለሆነ የሚተኛበት ብዙ አያስቸግርም።

የጓሮውን ማድ ቤት ደግሞ አፈረስነው። ሙስጠፋ በግማሽ ቀን ጨረሰው። ጥቀርሻው ለሁለት ቀን ከጆሯችን አልወጣም።

ማርታ ሥራዋ ሐዋሳ ስለሆነ ፎቶ በስልክ ላክሁላት። «አባዬ፣ እንዴት ያምራል! እማዬ ብታየው!» ብላ ጻፈችልኝ። ፎቶ ቁመት አያሳይም።

በሙት ዓመትሽ ዋዜማ ሴቶቹ መጡ። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ተበታትነዋል፤ አንዳንዶቹ ሦስት ታክሲ ይዘው ነው የደረሱት። ግን አልቀሩም። ፊት ፊት የመጣችው የእድሩ ወጥ ቤት አለቃ፣ ጓደኛሽ እትዬ ዘነበች ናት። «አስካለ ጉደኛ፤ ሞታም ቤት ታሠራለች!» እያለች ሽንኩርቱን በትሪ ይዛ ገባች። ትልቁ ድስት ድሮም ደጅ እንደሚጣድ አውቃለሁ። መክተፉ፣ ማቁላላቱ፣ ቅመሙ ግን እዚህ ይሆናል ብዬ ነበር። ደብተርሽንም እንዲያዩት ገልጬ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ባንኮኒው እትዬ ዘነበች ደረት ስር ደረሰ። ቢላዋውን ስታነሳ ክርኖቿ ወደ ጆሮዋ ወጡ። ሁለቴ ሞከረች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ይኼን ያሠራኸው ለሰው ነው ለቀጭኔ?»

ከኋላዋ ያለችው ሴት ወደ መደርደሪያው አንጋጠጠች። «ቅመሙንስ ማን ነው የሚያወርድልን? መልአክ?» ሌላዋ በእግሯ ጣት ቆማ በመስኮቱ ለማየት ሞከረች። «ሰማይ ብቻ ነው፤ ክሬንም አለ» አለች። ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ዘነበች ደብተሩን ያየችው ያን ጊዜ ነው። አነበበችው። ሳቋ ቆመ።

«የማን ክንድ ነው የለካችሁት?»

ሙስጠፋ ቧንቧ ሊያጠብቅ መጥቶ ላቫንዲኖው ስር ተንበርክኮ ነበር። ክንዱን አየ። ከዚያ ተነስቶ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እሷ እኮ በራሷ ክንድ ነው የለካችው» አለች እትዬ ዘነበች። «እዚሁ ክፍል ውስጥ። ክንዷን ግድግዳው ላይ ስታጋድም እርሳሱን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ‹ልክክ አለ!› ብላ አጨበጨበች።»

ስድስቱ ያንቺ ክንድ ክፍሉ ውስጥ ይገባ ነበር። ግድግዳ መግፋት አያስፈልግም ነበር። ክፍሉ ራሱ ነግሮን ነበር፤ አልሰማነውም። ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ «አምስት» ብሎ አምስት ምን እንደሆነ ያልጻፈ ተማሪ ግማሽ ማርክ አስቀርበታለሁ። አንቺን የማን ክንድ ብዬ ሳልጠይቅ ቤት ሠራሁልሽ።

ሴቶቹ አልከፉብኝም። አንዷ «ይሁን መምህር፣ ማሰብህ ነው ትልቁ ነገር» አለች። ትሪውን፣ ድስቱን፣ መክተፊያውን አንድ በአንድ እየተቀባበሉ አወጡት። ማድ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ድንጋይ ጎለቱ፤ እንጨት አነደዱ፤ ዱካ ላይ ተቀምጠው ከተፉ። እኔ ነጩ ሴራሚክ መሀል ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ጭሱ በመስኮቱ ገባ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሁሉም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። ወጡ ጥሩ ነበር አሉ።

በሳምንቱ ሙስጠፋ ተመልሶ መጣ። «ግራናይቱን አንስቼ እግሩን እቆርጠዋለሁ፤ መስኮቱንም አወርደዋለሁ፤ ምንም አልቀበልም። ቁጥሩን ብቻ ይስጡኝ ጋሼ» አለኝ። ማርታ «ኢንተርኔት ላይ ዘጠና ነው የሚለው አባዬ» አለች። እትዬ ዘነበች «እኔና እሷ አንድ ቁመት ነበርን፤ ክንዴን ለካ» አለች። አልፈለግሁም። በሰው ክንድ አንዴ ተሳስቻለሁ።

ያንቺን ፈለግሁ። መጀመሪያ የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩት። ትከሻ ለትከሻ ቆመናል። ከዚያ ፎቶ አንሺው የለስላሳ ሣጥን ላይ እንዳቆመሽ ትዝ አለኝ፤ «ሙሽሪት ካልወጣች ሙሽራውን ከጉልበቱ ልቆርጠው ነው» ብሎ እያሳቀን ነበር ያነሳን። ቀሚስሽ ሣጥኑን እስከ መሬት ሸፍኖታል። ስንት ከፍ እንዳለሽ አይታይም።

ቀጥሎ አረንጓዴውን ሹራብሽን አወጣሁ። ቀኝ ክርኑ ተበልቷል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከተበላው ቦታ እስከ እጅጌው ጫፍ ለካሁት። ሃያ ሦስት። እጅጌው አንጓሽ ላይ ነበር የሚቆመው። ከአንጓሽ ወዲያ እጅሽ አለ። ያን እጅ ሃያ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀቅሁትም። ስንት እንደሆነ አላውቅም። መዳፌን ዘርግቼ እስከዚህ ይደርስ ነበር ብዬ ገመትኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ሳየው ሌላ ቦታ ላይ ይደርሳል።

ለሙስጠፋ ቁጥሩን አልሰጠሁትም። አሁን አይጠይቀኝም።

ኩሽናው እንደቆመ ነው። ልክ የሆነው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእኔ። ባንኮኒው ጎንበስ አያሰኘኝም፤ መደርደሪያው ላይ እጄ ይደርሳል፤ በመስኮቱ የግቢው በር ይታየኛል። ሽንኩርት መክተፍ ጀምሬያለሁ። ወጤን ጎረቤት ቀምሶ «አይዞህ» አለኝ፤ ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

ማርታ አሥረኛ ክፍል ፈተና የወደቀች ቀን ትዝ ይለኛል። እራት ላይ እየሳቀች ነበር፤ እኔ ምንም አልገባኝም። አንቺ ግን ሳትነግረን ታውቂ ነበር። ማድ ቤቱ ደጃፍ ሆነሽ፣ ግቢ ስትገባ፣ ፊቷን ከማስተካከሏ በፊት አይተሻታል።

ባለፈው ቅዳሜ ማርታ ከሐዋሳ መጣች። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ነበር። በሩን ከፍታ ገባች፤ እንዳየኋት አላወቀችም። ሻንጣዋን አስቀመጠች። ማድ ቤቱ የነበረበትን ባዶ መሬት አየች፤ ብዙ ቆየች። በሁለት እጇ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ፈገግ አለችና «አባዬ! ማን አለ ቤት?» ብላ ተጣራች።

ለምን ሁለቴ እንዳሰመርሽበት ያን ጊዜ ገባኝ። ምን እንደምላት ግን አልገባኝም። ደብተሩን እስከ መጨረሻው ገልጫለሁ፤ እሱን አልጻፍሽም። ሻይ ጣድኩላት።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ የእጅሽን ልክ እንኳ አልያዝኩም። አንድ ነገር ግን እይዛለሁ። ልጃችን በመጣች ቁጥር መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ ሳታየኝ አያታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ነበርሽ የምታውቂው።

ባልሽ