ማንም ያልተቀመጠበት ዴስክ

ውድ ሐሊና፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ ዳካር እንደተስማማሽ ፎቶሽን አይቻለሁ። እኔ ደክሞኛል። ለመናደድ እንኳ ደክሞኛል፤ እኔን ታውቂኛለሽ፣ እንግዲህ ገምቺው።

አባዬ በናይሮቢ ትምህርት ቤቶች የዴስክ ጨረታ ተሸነፈ። "መንግሥት ከእንግዲህ ዋጋ ብቻ አያይም፤ ዕቃው ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ሲሰበር ይጠገናል ወይ፣ እንጨቱ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል" ያልሽው አንቺ ነሽ። የግዥ መመሪያውን ከጻፉት አንዷ ስለሆንሽ አመነሽ። ኤርፖርት ከሚጣለው የካርጎ እንጨት ያንን የተማሪ ዴስክ ለናሙና ሠራ። የጨረታው ቀን እኔም ነበርኩ። ዋጋ ዋጋውን ጮክ ብለው አነበቡ። ዴስኩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። በሳምንቱ ትንሹ ዋጋ አሸነፈ።

ትናንት ናሙናውን ከጨረታው መሥሪያ ቤት ግቢ ላመጣ ሄድኩ። ሙርሺዳ የምትባለው ጥበቃ በር ላይ አውጥታው ሻይዋን አስቀምጣበታለች።

"ዴስኬን ልትወስጂ ነው?"

"ዴስክሽ? የአባቴ ነው!"

"ፖሌ ሲስተር፣ ይቅርታ። እዚህ ግቢ የማይነቃነቅ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር" አለችና በአገጯ ወደ ግድግዳው አሳየችኝ። ያሸነፉት ዴስኮች እዚያ ተቆልለዋል። ገና ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ዝናብ መቷቸው እንደ ዳቦ አብጠዋል።

ደሜ ፈላ። የነሱን ብመታ ያስሩኛል፣ የኛን በእርግጫ አልኩት። አውራ ጣቴ አበጠ፤ ዴስኩ ምንም አልሆነም። ሙርሺዳ ስቃ ስቃ ሲወጣላት ጋሪ ላይ አጋዘችኝ።

አባዬ ይናደዳል ብዬ ነበር። ገልብጦ ብሎኖቹን አየ፣ አቧራውን ጠረገ፣ "ለሚቀጥለው ጨረታ ይሆናል" አለ። "ዕድሜው ይታያል ብላለች ሐሊና።"

ሁርሊንግሃም ሰፈር ሬስቶራንት ያላቸው ጋሼ ዘካርያስ ወንበር ሊያሠሩት ስንቴ ደወሉ። "የመንግሥት ሥራ እየጠበቅኩ ነው" ይላቸዋል። እስከ ቅዳሜ እሺ ካላለ ሥራውን ለሌላ ፉንዲ፣ ለሌላ አናጺ ይሰጡታል፤ ያ ሥራ ካመለጠው ደግሞ ወርክሾፑ ይዘጋል።

እኔ ስነግረው "ትምህርት ጥለሽ አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ይለኛል። አንቺን ግን ይሰማል። መመሪያሽ መጥፎ ነው አልወጣኝም። ግን እዚህ ገና አልደረሰም፣ እሱን ንገሪው። "ትንሽ ጠብቅ" እንዳትይው ብቻ።

ይሄን የምጽፍልሽ እዛው ዴስክ ላይ ነው። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ዴስክ አገኘሁ፣ ሳቂ።

ከቅዳሜ በፊት ደውዪለት። ለሱ ከደወልሽ፣ እስካሁን ያላነሳሁትን ያንቺን ስልክ እኔም አነሳለሁ።

ጣቷ ያበጠ እህትሽ፣
ሚጣ
ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ